በሰላም ተመልሰዋል

ዩኒቨርሲቲውን በመራሁባቸው ዓመታት ዘወትር ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቻናላችን አንድ መልእክት እለቅ ነበር። ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ከሁሉም በላይ ግን ለወላጆች። በሳምንቱ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ምን መጣ የሚል ነው። ውሃ ወደ ላይኛው ማደሪያ ወጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ታድሶ ተከፈተ። መንገድ ላይ ተይዞ የከረመው የቤተ ሙከራ ዕቃ ገባ። አንዳንድ መምህራን «የዓርቡ ወንጌል» እያሉ ይስቁብኝ እንደነበር ደርሼበታለሁ። ይሳቁ ብዬ ተውኳቸው። እኔ ኮርቼበት ነበር።

የምኮራበትም ምክንያት ነበረኝ። በእነዚያ ዓመታት ልጁን ደባርቅ የሚልክ ወላጅ እንቅልፍ የለውም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ዳባት ላይ መኪና ቆመ ሲባል አዲስ አበባ ያለች እናት ታለቅሳለች። ስለዚህ «በሰላም» የምትለዋን ቃል በመልእክቴ ላይ እንደ ጨው እነሰንሳት ነበር። በሰላም ገቡ፣ በሰላም ተመዘገቡ፣ ፈተናው በሰላም አለቀ። ግርጌው ላይ የቢሮዬ ስልክ ቁጥር አለ። ማንም ወላጅ ቢደውል እኔኑ ያገኛል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። የሚደውለው ግን ጥቂት ነበር፤ የገጠር ሰው ዶክተር ዘንድ መደወል ያፍራል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ያ መልእክት የሚጻፈው ጠዋት ነው። እኛ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይኼን አሳምሮ ያውቀዋል። ስብሰባው ሳይጀመር «በስኬት ተጠናቀቀ» የሚለው ዜና ተጽፎ ያድራል። እንግዳው አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ «ጎበኙ» ይባልለታል። ይኼን ውሸት ብሎ የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሥራ ማቅለል ነው። እኔም በዚሁ ስኖር ዓመታት አለፉ፣ አንድም ቀን ጉድ አላደረገኝም።

ያ ዓርብ ሐምሌ ነበር። ተማሪዎቻችን በሁለት አውቶቡስ ሆነው ችግኝ ሊተክሉ ወጡ። ቦታው ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ ታጥቦ የቀረ ዳገት ነው። ኮሶና ጽድ ሊተክሉበት ነው። ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ ገደል ነው። ገደል ስል የስሜንን አፋፍ ላላየ ሰው ሌላ ነገር ይመስለው ይሆናል። እዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ንስር ከእግሩ በታች ሲያንዣብብ ያያል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያችን ረቂቁን ይዛ መጣች። ጠንቃቃ ልጅ ናት።

«ዶክተር፣ የችግኙን ነገር ‹እየተከሉ ነው› ልበለው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወጣ እኮ ተመልሰው ምሳቸውን በልተዋል። ‹ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል› በይው።»

«ፎቶስ?»

«ያምናውን ለጥፊ። ችግኝ ያው ችግኝ ነው።»

ትንሽ አመነታች። «ሲመለሱ ደውዬ ባረጋግጥና ብለቀውስ?»

«አንች ደግሞ፣ ነገር ታበዣለሽ» አልኳት። ሳቀችና ወጣች። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ እንዲወጣ አዘጋጅታው ሄደች።

ሰባት ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። ደባርቅ ላይ የቢሮዬን ቆርቆሮ ሲመታው የራሴን ድምፅ አልሰማም ነበር። ከተማው እንዲህ ከሆነ ተራራውስ ብዬ የተማሪዎች ዲናችን ዘንድ ደወልኩ። ከልጆቹ ጋር የወጣው እሱ ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ መጣ። «ገብተናል ዶክተር፣ አውቶቡስ ውስጥ ነን፣ እየወረድን ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

በቃኝ። ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክቱ ወጣ፤ ከሥሩ የልብና የጭብጨባ ምልክት መደርደር ጀመረ። «ተመስገን» የሚል ብዙ ወላጅ ነበር። በረዶው ወሬ ሆኖ ኖሯል ለካ።

አሥር ሰዓት ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቃሉን የማይቆርጥ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ? ደኅና ነዎት ወይ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው ወይ?»

ሰላምታውን ጨርሰው ማንነታቸውን ነገሩኝ። ጃናሞራ ውስጥ በአንድ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ሴት ልጃቸው እኛ ዘንድ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት።

«ልጄ ትናንት ማታ ‹ነገ ተራራ ልንወጣ ነው› ብላኝ ነበር። ይኸው ከቀትር ጀምሮ በረዶው ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስል። እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። ኋላ የትምህርት ቤታችን መምህርት የእርስዎን ቃል በስልኳ አነበበችልኝ። ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል ይላል። ልነሳ ከዘራዬን ይዤ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። የሰው ልጅ እንደ ራስዎ ልጅ ሰብስበው አገቡልኝ።»

«ምን አደረግን መሪጌታ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

«አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። የልጄ ስልክ አይሠራም ይለኛል። ካልከበደዎ ቢያስጠሩልኝ፣ ድምጿን ብሰማ።»

«እንዴታ! ባትሪዋ አልቆ ይሆናል። ጥቂት ቆይተው ይደውሉ፣ አስጠራታለሁ።»

ገና አልፈራሁም ነበር። ዲኑን ልጅቱን ከማደሪያዋ አምጣልኝ አልኩትና ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዲኑ በስልክ ሊነግረኝ ሲችል በእግሩ መጣ። በሩን ከፍቶ ሲቆም ፊቱን አየሁና ከወንበሬ ተነሳሁ።

«የለችም» አለ።

ጓደኞቿ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነበሩ፤ ሁለተኛው ላይ ያለች መስሏቸዋል። ሁለተኛው ላይ ያሉት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ያለች መስሏቸዋል። ማደሪያ ሲገቡ ልብስ ለመቀየር፣ ለመሞቅ ሲራኮቱ አልጋዋን ልብ ያለው የለም። ካፌ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ሁሉም የየራሱን ግምት ይዞ ቁጭ ብሏል።

«ስትሳፈሩ አልቆጠርክም ወይ?» አልኩት።

«ጀምሬ ነበር።» መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። በረዶው ሲወርድ ልጆቹ እየጮሁ ወደ አውቶቡሶቹ ሮጡ። እሱ በር ላይ ቆሞ አንድ፣ ሁለት ማለት ሲጀምር አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌ ስካውት ክንዱን ያዙት። ስካውት የምንለው የፓርኩን ጠባቂ ነው፤ እኚህ ጠመንጃ ይዘው በዚያ ተራራ ያረጁ ሰው ናቸው። «ምነው ልጄ፣ በዚህ መዓት ሥር የሰው ልጅ ትቆጥራለህ ወይ? ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ምን እንደመጣ አልሰማህም ወይ?» አሉት። ልጆቹም ሰሙ። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ልጆቹ ላይ ክፉ መጥራት ሆነበት። ሽማግሌው ዳገቱን ወጣ ብለው አሻግረው አዩና «የቀረ ሰው የለም» አሉ። እሱም አመናቸው።

እሳት ጎረስኩ። «አንተ የተማርክ ሰው!» ብዬ ጮህኩበት። ጮኼ ሳልጨርስ ዳባት ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ። ስንት ልጆች አሉሽ ሲሏት «የሰጠኝን ይባርክልኝ» ብላ ታልፋለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። እኔም ብሆን የራሴን ልጆች ስንት ናቸው ሲሉኝ ምላሴ ትንሽ ይያዛል። በዚያ በረዶ መሐል የአባቴ እኩያ የሆነ ሰው ክንዴን ይዞ አትቁጠር ቢለኝ እኔስ እቆጥር ነበር? አይመስለኝም።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የፈራሁት ለልጅቱ አልነበረም። ዐይኔ የሄደው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኬ ነው። ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል። ከሥሩ ስሜና ማዕረጌ። ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት ሰው ለስንት ሰው እንዳስተላለፈው አሰብኩና ላብ አሰመጠኝ። ያን ጊዜ የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ በዲኑ ትከሻ በኩል ብቅ አለች። ሰምታለች።

«ዶክተር፣ መልእክቱን ላንሳው?»

ማንሳት የአንድ ጣት ሥራ ነው። ግን ከተነሳ ለምን ተነሳ ይባላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተማሪዎች ገደል ገቡ የሚል ወሬ አገሩን ያዳርሰዋል። ወላጅ ሁሉ ይደውላል። ከላይ ያሉት ይደውላሉ። ይኼ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በጭንቅላቴ አለፈ።

«ቆይ» አልኳት። «ሄደን እናገኛታለን። ስናገኛት እውነት ይሆናል።»

የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ አንገቷን ደፋች። ዲኑ ከዳገቱ ሥር ባለው መንደር ላሉ ስካውቶች ደውሎ ሰው እንዲያወጡ ነገራቸው፤ እኛም በፒክአፑ ወጣን።

ለልጅቱ መፍራት የጀመርኩት መኪናው ውስጥ ነው። ከተማውን ለቀን ጭቃውን መውጣት ስንጀምር፣ መንገዱ ዳር በረዶው ገና ሳይሟሟ ተከምሮ አየሁት። ምን ለብሳ ይሆን አልኩ። ተማሪዎቻችን ስስ ሹራብ ብቻ ለብሰው ነው ተራራ የሚወጡት። ሾፌሩ ቤተ ክርስቲያን ባለፈ ቁጥር ያማትባል። እኔ ደግሞ የአባቷ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ «መልሼ አስቀመጥኩት» ያሉት ከዘራ። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር እጄ በሩን ይጨብጣል፤ የፈራሁት ግን ለራሴ አልነበረም፣ ያን ጊዜስ አልነበረም።

ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደረስን። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አያሳይም። የመንደሩ ሰው ቀድሞን ወጥቷል፤ ወንድም ሴትም፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ። በሰልፍ ተዘርግተው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያጣ ክንድ ለክንድ ያህል ተጠጋግተው ዳገቱን ያስሳሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ስሟን ይጠሩና ዝም ይላሉ። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። እንደገና ይጠራሉ፣ እንደገና ዝም።

ሽማግሌው ስካውት ጉሙን ሰንጥቀው ወደ እኔ መጡ። ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰዋል። ልቆጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

«ዐይኔ ሁሉንም አየ ብዬ ነበር» አሉኝ። «ዐይኔ አርጅቷል ለካ። በድያለሁ ዶክተር።»

የእኔ ዐይን ጭራሽ ሳያይ ነው የጻፈው። እሳቸው ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

ከሁሉ የባሰው ከጥሪው በኋላ ያለው ዝምታ ነበር። አጠገቤ የቆመ ገበሬ «እዚህ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቱ። «ብትኖር ትመልስ ነበር።» ከዚያች ቃል በኋላ ሰልፉ ቀስ በቀስ ወደ አፋፉ መጠማዘዝ ጀመረ። ማንም አላዘዘም። ሁለት ሰዎች ጫፉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ቁልቁል ሲያዩ፣ ሌሎች እግራቸውን ይዘውላቸው አየሁ። ከታች ጉም ብቻ ነው። ልጠጋ ፈልጌ ተውኩት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ ሌላ ጸሎት ጠፍቶኝ፣ አደራህን፣ አደራህን እል ጀመር።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ ጥቂት ደቂቃ መጥቶ ነበር። ጸሐፊዬ የእጅ ስልኬን ቁጥር ለመሪጌታ ሰጥታቸዋለች።

«ዶክተር፣ አሁንም አላገኟትም ወይ? እንዲያው ልቤ እምቢ ብሎኝ ነው፣ አይቀየሙኝ።»

ከኋላዬ ሰዎቹ ስሟን ጠሩ። አባቷም የሰሙት ይመስለኛል።

«መሪጌታ» አልኩ፣ «ልጅዎ ከተራራው አልተመለሰችም። እየፈለግናት ነው። ተራራው ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው ተመልሰዋል ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይተው ነው?»

«አላየሁም።»

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። «እኔ ቅድም መንገዱን ልጀምር ነበር እኮ» አሉ፣ በዚያው በማይቸኩል ድምፃቸው። «እስካሁን አጋምሼው ነበር። ከእኛ ወገን ያለውንም ሰው ባስነሳሁት ነበር።» ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ ዘንድ «አንሽው» ልላት ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልወጣ አለ። ስልኬን ወደ ላይ ይዤ እንደ እብድ ወዲያ ወዲህ ስል አንዲት የመንደሩ ሴት ጮኸች።

ከአፋፉ በኩል አልነበረም። ከታች፣ አውቶቡሶቹ ቆመውበት ከነበረው ቦታ ብዙም የማይርቅ፣ ሁለት ቋጥኞች የተደጋገፉበት ጥግ ነው። ሴትዮዋ ሰልፉ ወደ ገደሉ ሲዞር አብራ ሳትዞር ቀርታ፣ የልጅቱን ነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ አገኘች። ስደርስ ሽማግሌው በብርድ ልብሳቸው ጠቅልለዋታል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ አንድ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አብጧል። በሕይወት ናት። ሽማግሌው ግንባሯን ደጋግመው ሳሙና ፊታቸውን ወደ ቋጥኙ አዞሩ። እኔ ሰው ፊት አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መሸት ሲል መኪናው ውስጥ ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሾፌሩ ማሞቂያውን ከፍ አደረገው። ቁልቁል ጥቂት እንደወረድን ኔትወርክ መጣና አባቷን አገናኘኋት። «አባ፣ ደኅና ነኝ» ብላ ሌላ መናገር አልቻለችም። ከወዲያ በኩል የሚሰማው ልቅሶና ምስጋና የተቀላቀለ ነገር ነው። እኔን አላስጠሩኝም።

ስልኩን መለሰችልኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ አስቸገርኳችሁ» አለች።

ምን እንደሆነች ቀስ እያለች ነገረችኝ። ወንዶቹ እንዳያዩአት ለሽንት ወደ ቋጥኞቹ ወረደች። ጉሙ ድንገት ወረደ፣ ወዲያው በረዶው። ስትሮጥ አቅጣጫው ጠፋት፣ ወደቀች። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጉም ሲይዝሽ አትሂጂ፣ ተቀመጭ ይሏት ስለነበር ጥጉን ይዛ ተቀመጠች። በየጥቂቱ ትጮህ ነበር።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲጠራሽ አልሰማሽም ወይ?»

«የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬ ነው የሚያታልለኝ ብዬ ተውኩት።»

«ለምን?»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች። «ስልኬ አንዴ ኔትወርክ ያዘልኝ። አባቴ ዘንድ ልደውል ስል መጀመሪያ የገባው የእርስዎ መልእክት ነው። ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል ይላል።» እንደ መውቀስ አልነበረም አነጋገሯ፤ የሆነውን ነው የምትነግረኝ። «እስከዚያ ድረስ ብዙም አልፈራሁም ነበር። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እያልኩ ነበር። ያን ሳነብ ግን ማንም እንደማይፈልገኝ ገባኝ። ስልኩም ወዲያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ መጮሁን ተውኩት።»

ዲኑ ከፊት ወንበር ዞሮ አየኝና መልሶ ዞረ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያነበብሽው?» አልኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አሥራ አንድ ሰዓት። ስልኩ ሲጠፋ አይቼዋለሁ።»

አባቷ ቢሮዬ የደወሉልኝ አሥር ሰዓት ላይ ነው። «ላንሳው?» ስባል «ቆይ» ያልኩትም አሥራ አንድ ሳይሞላ ነው።